ሞዴሉ መኖሩን ማን ነገረህ?

መጋቢት 2፣ 2017 ዓ.ም. ሆሳዕና

ዶ/ር ኃይለኢየሱስ ምዕራፍ ሦስትን መለሱልኝ። አማካሪዬ ናቸው፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሆሳዕና ሰው እንቅልፍ የሚነሱ። የቴሲሴ ዲፌንስ ለግንቦት ተይዟል። የምዕራፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «M ተቆጣሪና ትራንዚቲቭ የሆነ የስብስብ ቲዎሪ ሞዴል ይሁን» ይላል። ሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። ጎኑ ላይ ደግሞ «መኖሩን ማን ነገረህ?» ተብሎ ተጽፏል።

ማን ይነግረኛል? መጽሐፉ ሁሉ የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ፎርሲንግ ማለት ከአንድ የሒሳብ ዓለም ተነስቶ፣ እዚያ ያልነበረ ስብስብ ጨምሮ፣ ሰፋ ያለ ዓለም መሥራት ነው። መነሻው ዓለም ሞዴል ይባላል። መነሻ ከሌለ ምን ላይ ልጨምር? «ይሁን» እላለሁ፣ ይሆናል። እስከ ዛሬ ማንም አልተከራከረኝም። እርግጥ እስከ ዛሬ ያነበበውም የለም።

እናቴ ከሾኔ ደወለች። የአቶ ጥሩሰው የወንድም ልጅ አሞጽ፣ ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው፣ ለእህቴ ለቤቴል ሽማግሌ ሊልክ ነው አለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ ለቤቱ ቃል የምሰጠው እኔ ነኝ። የአቶ ጥሩሰው ቤት የታወቀ፣ የተከበረ፣ በቤተ ክርስቲያንም የሚታመን ቤት ነው። «እሺ» አልኩ። ቤቲ፣ ቤቴልን እንዲህ ነው የምንጠራት፣ እዚሁ ወጥ ቤት ነበረች። ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 3

አልነገርኳትም። ምዕራፍ ሦስት።

መጋቢት 6

መብራት የለም። በሞባይል ብርሃን ነው የምጽፈው።

ቤቴል ታናሽ እህቴ ናት። ከእኛው ዲፓርትመንት በሒሳብ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃ ሥራ እየጠበቀች ከእኔ ጋር ትኖራለች። ቴሲሴን ኮምፒዩተር ላይ የምትጽፍልኝ፣ ለአማካሪዬም በኢሜይል የምትልክልኝ እሷ ናት። ስትጽፍ እንዳትሳሳት ብዬ ዛሬ ስለ ትራንዚቲቭነት አስረዳኋት። «አየሽ ቤቲ፣ ሞዴሉን ቤት በይው። ቤቱ ውስጥ ከረጢት ካለ፣ ከረጢቱም ውስጥ ሽንኩርት ካለ፣ ሽንኩርቱም የቤቱ ነው። ሞዴሉ የያዘው ነገር በውስጡ የያዘውን ሁሉ ሞዴሉም ይይዛል። ትራንዚቲቭ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ስለ ዕቃዎቹ ሲናገር ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ከዓይኑ የተሰወረ ነገር የለማ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለችኝ።

ቢሆንም መድገም አይጎዳም። ስለ አሞጽ ልነግራት ነበር፤ መብራት መጣና ሥራ ጀመርን።

መጋቢት 8

ዶ/ር ኃይለኢየሱስን በስልክ አገኘኋቸው። «ቲዎሪው የገዛ ሞዴሉን መኖር ማረጋገጥ አይችልም። ቢችል ኖሮ ለራሱ ራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው፤ የትኛው ፍርድ ቤት ነው እንዲህ ዓይነት ምስክር የሚቀበል?» አሉኝ። ከዚያ መንገድ ሰጡኝ፦ ከአንድ በጣም ትልቅ ስብስብ ላይ ተቆጣሪ ናሙና ቁረጥ፤ ናሙናው ትልቁ የሚለውን ሁሉ የሚል ይሁን። እንዲህ ዓይነት ናሙና መኖሩ ይረጋገጣል።

ቀላል ነው። M ያለበትን ሁሉ N አልኩት። የቀረውን አልነካሁም።

መጋቢት 11

የዲፓርትመንቱ ሴሚናር ላይ ተራው የኔ ነው። ማስታወቂያውን ያዘጋጀው የአስተዳደር ሠራተኛ «ፎርሲንግ»ን አማርኛ አድርጎታል። በር ላይ እንዲህ ተለጥፏል፦ «መምህር ሲላስ ስለ ማስገደድ ዘዴዎች ገለጻ ያደርጋሉ።» የጥበቃ ኃላፊው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ማን ማንን እንደሚያስገድድ በትሕትና ጠየቀኝ። ስብስቦችን ነው አልኩት። «የተሰበሰቡትን ነው?» አለኝ።

ከተለመደው የበለጠ ሰው መጣ። ግማሹ ከሕግ ትምህርት ክፍል ነበር።

መጋቢት 14

ነገርኳት። እናቴ ሁለቴ ደውላ ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ቅዳሜ ይመጣሉ፤ አሞጽ ጨዋ ልጅ ነው ይባላል፤ ጆሃንስበርግ ሥራ አያጣሽም፤ እዚህ ተቀምጠሽ የረዳት መምህርነት ማስታወቂያ ከመጠበቅ ይሻላል አልኳት። ያለፈው ማስታወቂያ ሲወጣ የድጋፍ ቃል እንድሰጣት ለምናኝ ነበር፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ ስለነበርኩ ቀኑ አለፈ። ይህንን አላነሳሁትም፤ እሷም አላነሳችም።

አስጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ «ምዕራፍ ሦስትን ልጨርስልህ ወይስ አሁኑኑ ልሂድ?» አለች።

ጨርሺልኝ አልኳት። ተደስታለች ማለት ነው። ሳትደሰት ቀልድ አትቀልድም ነበር።

እኔ ሰው አላስገድድም። ይህ እዚህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ቃል ነው የሰጠሁት እንጂ።

መጋቢት 19

ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ምዕራፍ ሦስት ተቀምጦ አገኘሁ፤ በእርሳስ «N ትራንዚቲቭ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለበት። የቤቲ እጅ ነው።

ጠራኋት። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ጋሼ፣ N ተቆጣሪ ነው አይደል?»

«ነው፤ አባሎቹ አንድ፣ ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ።»

«ኦሜጋ አንድ ደግሞ N ውስጥ አለ። ኦሜጋ አንድ የማይቆጠር ስብስብ ነው፤ አባሎቹ ሁሉ N ውስጥ ሊገቡ አይችሉም። ስለዚህ ከረጢቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ሽንኩርቱ ግን አብዛኛው ውጭ ነው።»

ሥራዬ እንዳይበላሽ ብዬ ያስረዳኋትን ምሳሌ መልሳ እኔ ላይ! እንደምትጽፍልኝ እንጂ እንደምታነብልኝ አላሰብኩም ነበር። ልደርስበት ተቃርቤ እንደነበር ነገርኳት። «እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

እርግጥ የሚጠገንበት ዘዴ አለ። N ውስጥ ክፍተቱን ሁሉ ዘግቶ ማጠፍ ይቻላል፤ የታጠፈው ትራንዚቲቭ ይሆናል። ችግሩ ሲታጠፍ ነገሮች ማነሳቸው ነው። የማይቆጠረው ኦሜጋ አንድ ታጥፎ ሲገባ ተራ የሚቆጠር ቁጥር ይሆናል። የኔ ዋና ቲዎረም ደግሞ የሚያወራው ስለ ትልቁ፣ ስለ እውነተኛው ነው።

ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። ቲዎረሙ ወድቋል። ምናልባት አልወደቀም። ወድቋል።

መጋቢት 20

ክፍል አልገባሁም። ራስ ምታት ነው ተብሏል።

መጋቢት 25

እናቴ፦ «ልጅቷ ፎቶ ትላክ ተብሏል።» ቤቲ፦ «ነገ።» ዲን፦ «ዲፌንሱ ግንቦት ነው አይደል?» እኔ፦ «ነው።»

ጊዜ የለኝም፣ ይታጠፍ፤ ማን ያስተውላል? ምዕራፉን ለዶ/ር ኃይለኢየሱስ ላኪላቸው አልኳት። በሩ ላይ ቆማ «ያሰብኩትን ማስታወሻ ጨምሬበት ልላከው?» አለችኝ። ጨምሪ አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የምዘጋጅበት ክፍል ነበረኝ።

ሚያዝያ 1

ቤቲ ተለውጣለች። ጓሮ እየወጣች በስልክ ታወራለች፣ አንዳንዴም በእንግሊዝኛ። ለጆሃንስበርግ እየተለማመደች ነው። አስተዋይ ልጅ ናት።

ዛሬ ልብስ ላስጣ ስወጣ የንግግሯን መጨረሻ ሰማሁ፦ «አይ፣ ማጠፍ አያስፈልግም። አጥፈን ካስገባነው ያንሳል። እንዳለ ይሂድ፤ ትንሽ ተጨማሪ ነገር ብቻ እንጠይቅለት።»

የሠርግ ልብሷ ነገር ነው። ሴቶች እንደዚህ ናቸው፤ ጭንቀታቸው ልብሱ እንዳይጨማደድ ነው። የኔ ጭንቀት ምን እንደሆነ ብታውቅ!

ሚያዝያ 5

ዛሬ ሆሳዕና ነው፣ በሆሳዕና። ቤቲ ከመዘምራን ጋር ለጉባኤ አዲስ አበባ ሄዳለች። ፓስፖርቷን ልታወጣም ይሆናል፤ አላጨናነቅኳትም።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አሕመዲን አስቆመኝ። «መምህር፣ እህትህ ሰሞኑን ረጅም ነገር አሳተመች።»

«የሠርግ መጥሪያ ነው» አልኩት።

«የሠርግ መጥሪያ? ሙሉው የግሪክ ፊደል ነው እኮ። ደግሞ ልንገርህ፣ የእሷ ይነበባል። ያንተን ሳትም ማሽኑም ያዛጋል።»

አሕመዲን ቁምነገር ለማውራት የሚመች ሰው አይደለም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ሾኔ ሄድን። እናቴ ቤቱን አስለቅልቃ፣ መጋረጃ አስለውጣ ጠበቀችን። በመዝሙር ሰዓት ቤቲን አየኋት፤ ሁሉ እያጨበጨበ እሷ እጇን አጣጥፋ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እናቴ ጎተት አድርጋኝ «የልጅቷ ፊት ልክ አይደለም። አነጋግረሃታል?» አለችኝ።

«ነግሬያታለሁ።»

«መንገርህን አይደለም።»

ከዲፌንስ በኋላ ከእሷ ጋር ተቀምጬ በደንብ እንደማወራ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሰሞኑን ቃል መስጠት ቀሎኛል።

ሚያዝያ 18

ሆነ። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

አቶ ጥሩሰው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እናቴ ከትናንት ጀምራ እዚሁ ናት፤ ክትፎ፣ ቆጮ፣ አይብ፣ ሁሉም ተሰናድቷል። በጸሎት ተከፈተ። አቶ ጥሩሰው ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ነገሩን ለማለዘብ ይመስለኛል ከኔ ጀመሩ።

«ሲላስ ልጄ፣ ምንድን ነው የምትማረው አሉኝ?»

«ሒሳብ ነው ጋሼ ጥሩሰው። ፎርሲንግ የሚባል ዘርፍ።»

«በአማርኛው?»

እናቴ አየችኝ። «ማስገደድ» አልኩ።

«እሰይ! ታዲያ ይህን የሚያህል ትምህርት ይዘህ ከእህትህ አንዲት ፎቶ ማውጣት አቃተህ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቲ ተጠርታ መጣች፤ ሰላም ብላ ቆመች። አቶ ጥሩሰው የመጡበትን በማዕረግ ተናገሩ፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ልጁ፣ በአካል ካዩት ብዙ ጊዜ ቢሆንም መልካም ነገሩን እንደሚሰሙ።

«ጋሼ ጥሩሰው፣» አለች ቤቲ፣ «እናንተን አከብራለሁ። ይህን መንገድ ለኔ ብላችሁ መምጣታችሁን አከብራለሁ። እኔ ግን ለማንም እሺ አላልኩም።»

«ወንድምሽ ቃል ሰጥቷል እኮ ልጄ።»

«ሰጥቷል። እንግዲያው እሱ ይሂድ።»

አንደኛው ሽማግሌ ውኃ እየጠጡ ነበር፤ ትን አላቸው። እናቴ በሃዲይኛ አንድ ነገር አለች፤ እዚህ አልጽፈውም። ቤቲ ድምጿን ሳትለውጥ ቀጠለች። አዲስ አበባ ለማስተርስ ተቀብለዋታል። ትምህርቱ መስከረም ይጀመራል፤ እስከዚያ ዶ/ር ኃይለኢየሱስ ጋ በረዳትነት ትሠራለች።

«የትኛው ዶ/ር ኃይለኢየሱስ?» አልኩ እኔ፣ አገሩ በዶ/ር ኃይለኢየሱስ የተሞላ ይመስል።

አቶ ጥሩሰው ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ግን ሳይጸልዩ አይወጡምና ተነስተን ቆምን። «ጌታ ሆይ፣» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ለዚህች ልጅ መንገዷን አቅናላት። ወንድሞችንም አስባቸው፤ ከአፋቸው በፊት ጆሯቸውን ክፈትላቸው። አሜን።» አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ክትፎው አልተነካም።

ሚያዝያ 19

እናቴ ወደ ሾኔ ተመለሰች። ስትወጣ ቤቲን ሳመቻት። እኔን አልሳመችኝም።

ዶ/ር ኃይለኢየሱስ ጋ ደወልኩ፤ ልቆጣቸው ነበር።

«ታይፒስትህ መስላኝ ነበር» አሉኝ። «ከምዕራፉ ጋር ሁለት ገጽ ማስታወሻ ልካ፣ በስሟ፣ ‹ማጠፉ ቲዎረሙን ይገድለዋል፣ ሌላ መንገድ አለ› ብላ። ጥያቄ ላክሁላት፣ መለሰች። ሌላ ላክሁ፣ መለሰች። የአባት ስማችሁ አንድ መሆኑን ያስተዋልኩት ለቃለ መጠይቅ ስትመጣ ነው። አንተ ልከሃት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች።»

«እኔማ…»

«ማስታወሻውን አንብበኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ማየትህን አልጠየቅኩህም። ሲላስ፣ ልጅቷ N ትራንዚቲቭ እንዲሆን አላስጨነቀችውም። እንዳለ፣ ከነክፍተቱ ተቀበለችው። ከዚያ የሚጨመረው ስብስብ ክፍተቱን የሚያከብርበትን ሁኔታ ፈለገች፤ አዲስ ነገር ሲገባ N የማያውቀው ቁጥር እንዳይፈጠርበት። አንድ ተጨማሪ መስፈርት ያስፈልጋል እንጂ ቲዎረምህ ይተርፋል። ማረጋገጫው ግን የእሷ ነው። ወይ በስሟ ጥቀሰው፣ ወይ የራስህን ፈልግ። ዲፌንሱ ወደ ኅዳር ተላልፏል።»

ስልኩን ዘግቼ ማስታወሻውን ፈልጌ አነበብኩ። ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩ። ለካ ያን ቀን በጓሮ «አጥፈን ካስገባነው ያንሳል» ያለችው ስለ ኦሜጋ አንድ ነበር። የሠርግ ልብስ ብሎ ነገር የለም።

ያምራል። ብቻዬን ስለሆንኩ እጽፈዋለሁ፦ በጣም ያምራል።

ሚያዝያ 23

ምዕራፍ ሦስትን እንደገና ጀመርኩ። በእጄ። ታይፕ አደራረጌ ያሳፍራል።

ሚያዝያ 27

ቤቲን መናኸሪያ አደረስኳት። በባጃጅ ሄድን። አውቶቡሱ እስኪሞላ ጥላ ሥር ቆምን።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ማስታወሻ ጨምሬ ልላከው ስልህ ጨምሪ አልከኝ።»

«ስለ ጋብቻው ማለቴ ነው። አልፈልግም ብትዪኝ ኖሮ…»

«ጋሼ፣ ለእማዬ እሺ ያልካት ቀን ወጥ ቤት ነበርኩ። ግድግዳው ጣውላ ነው። ቆሜ ጠበቅኩህ። ትመጣለህ ብዬ ሽንኩርቱን ሁለቴ አጠብኩ። በነጋታውም፣ በሚቀጥለውም። አንተ የመጣኸው ትራንዚቲቭ ምን እንደሆነ ልታስረዳኝ ነው።»

ረዳቱ ጮኸ። ሻንጣዋን አነሳሁላት፤ ከባድ ነበር፤ ግማሹ የኔ መጻሕፍት ናቸው። «ስጨርስ እመልሳለሁ» አለች። አትመልሺ አልኳት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ተረፍኩ ወይስ ተጎዳሁ፣ አላውቅም። በመስኮት እጇን አወጣች። መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ ቆሜ ሳይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አገኘኝና «መምህር፣ እንኳን ደስ አለህ፣ እህትህን ዳርክ አሉ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ማስረዳት ደከመኝ።

ግንቦት 3

ሳላስበው ከደቡብ አፍሪካ ተደወለልኝ። አሞጽ ነው። ሊሰድበኝ መስሎኝ ተነስቼ በሩን ዘጋሁ።

«ጋሼ ሲላስ፣ እህትህ እምቢ አለች የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው ወንድሜ። ጥፋቱ የኔ ነው…»

«ተባረክ! ተባረኩ! ጌታ ይባርካችሁ!»

ሰካራም መሰለኝ። አይደለም። አሞጽ ሚስት አለው፤ የዚያው አገር ሴት ናት። ልጅም አላቸው። ለአጎቱ መንገር ፈርቶ ዝም ሲል ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥረውለት ቀን ቆረጡ። «በየሳምንቱ ልነግራቸው እደውል ነበር፤ ‹ሁሉም አልቋል፣ አንተ ምንም አታስብ› ብለው ይዘጉት ነበር። እባክህ አንተ ንገርልኝ። የተማርክ ሰው ነህ፣ ይሰሙሃል።»

የተማርኩ ሰው።

ልጁ ሳር ላይ ተቀምጦ የሚስቅበትን ፎቶ ላከልኝ።

ግንቦት 9

ሾኔ ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በከብት ተዘግቶ ከእናቴ ቤት እስከ አቶ ጥሩሰው ቤት በእግሬ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። እምቢ ያለው ቤት ልጅ እንዴት ደፍሮ መጣ ብለው ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር አስወጡልኝ።

ነገርኳቸው። ሳላስረዝም፣ ሳላስተምር። ሚስት እንዳለው፣ ልጅ እንዳለው፣ ሊነግራቸው ሞክሮ እንዳቃተው።

ወደ መንገዱ ዞር አሉ።

«እሷ እሺ አላለችም» አሉ።

«አላለችም።»

«እሱም እሺ አላለም።»

«አላለም ጋሼ።»

«ታዲያ እኔና አንተ ያን ሁሉ ጊዜ ማንን ነው ስናጋባ የከረምነው?»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ስልኩን አንዴ አራቁት፣ አንዴ አቀረቡት። ተቆጥተው እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ፤ አፋቸው ዳር ላይ አንድ ነገር እየታገላቸው ነበር።

«ግንባሩ የእኛ ነው» አሉ። «የወንድሜ ግንባር ነው። ስሙ ማነው?»

«አላውቅም ጋሼ። አልጠየቅኩም።»

ከመነጽሩ በላይ አዩኝ።

«እንግዲያው ደውልና ጠይቀው።»

ደወልኩ።